አጎዋ የነካው ማንን ነው?
አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ሰበብ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲሸጡ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ያስወጣችው መንግሥትን ለመጫን ነው የሚለው ይገባኛል። አንዳንዶች «እገዳው ተራውን ሰው ብዙም አልነካም» የሚሉት ግን አይዋጥልኝም። እኔ ያኔ ሐዋሳ ነበርኩ። ግቢ የምንጋራቸው ሦስት ልጆች ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሸሚዝ ይሰፉ ነበር። እገዳው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀመረ። ትእዛዝ ቀነሰ፣ ኦቨርታይም ቀረ፣ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወላይታ ገቡ። ሦስተኛዋ አሁን ቤሩት ናት። ባለሥልጣኑማ ምን ቀረበት? «እገዳው ሰላም ሲፈረም ተነስቷል» የምትለው ወንድሜ ደግሞ፣ ተሳስተሃል። የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው፤ በማግስቱም በዓመቱም ወደ አጎዋ አልተመለስንም።