ከራስል በፊት ፖፕ ጌትስ ነበር

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ተንታኝ በሬዲዮ ሲናገር ሰማሁ። በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ቢል ራስል ነው አለ። አንድ አድማጭ ደውሎ ፖፕ ጌትስን ሲያነሳበት፣ የተሸነፈ ቡድን አሰልጣኝ በታሪክ አይቆጠርም ብሎ ዘጋው። በጣም ነው ያናደደኝ።

ማሸነፍና መሸነፍ እዚህ ምን አገባው? ጥያቄው ማን ቀድሞ አሰለጠነ የሚል ነው። ዊሊያም "ፖፕ" ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1948 መጨረሻ ዴይተን ሬንስን ይዞ ኤንቢኤል የሚባለው ሊግ ውስጥ ገባ። እያሰለጠነ ይጫወትም ነበር። የቡድኑ ተጫዋቾች በሙሉ ጥቁሮች ነበሩ። ራስል ቦስተን ሴልቲክስ የተባለውን የኤንቢኤ ቡድን የተረከበው በ1966 ነው። መሀሉ 18 ዓመት ነው! በዚያ ላይ ሌላው ጥቁር አሰልጣኝ ጆን ማክሌንደን በ1961 ክሊቭላንድ ፓይፐርስ የተባለውን ፕሮፌሽናል ቡድን አሰልጥኗል። ራስል በአሰልጣኝነት በ1968 እና በ1969 ዋንጫ አንስቷል፤ ትልቅነቱን የሚክድ የለም። የመጀመሪያው ግን አይደለም።

ሽንፈቱንም ቢሆን እንየው። ሬንስ 14 አሸንፎ 26 ተሸነፈ። ወደ ሊጉ የገባው ግን ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ፣ በፈረሰ የዲትሮይት ቡድን ምትክ ነው። ያ ቡድን 2 ብቻ አሸንፎ 17 ተሸንፎ ነበር። ይህን ዕዳ ተሸክሞ የገባን ሰው ተሸናፊ ብሎ ማጣጣል ነውር ነው። ይኸው ጌትስ እኮ በ1939 ቺካጎ ላይ ሬንስ ኦሽኮሽ የተባለውን ቡድን 34 ለ 25 ረትቶ የዓለም ፕሮፌሽናል ውድድር ሻምፒዮን ሲሆን ሜዳ ላይ የነበረ ተጫዋች ነው።

የነገሩ ሥር ያለው የዛሬው ትልቁ የአሜሪካ ሊግ ኤንቢኤ ራሱ ጋ ነው። ሊጉ ዕድሜውን የሚቆጥረው ከ1946 ነው፤ ቢኤኤ የተባለው ሊግ ከተመሠረተበት። ቢኤኤ በ1949 ከኤንቢኤል ጋር ተዋሃደና ኤንቢኤ ተባለ። የቢኤኤ ውጤት በሙሉ በመዝገብ ሰፈረ። ከ1937 ጀምሮ የነበረው የኤንቢኤል ውጤት ግን ተጣለ። ለምን? የዛሬዎቹ የኤንቢኤ ቡድኖች ሌከርስ፣ ፒስተንስ፣ ኪንግስ፣ ሆክስና ሰቨንቲ ሲክሰርስ ሁሉም ከኤንቢኤል የመጡ ናቸው። የሆክስ ዘር የሆነው ቡድን በ1946 ጌትስን በተጫዋችነት አሰልፎታል። ሌከርስ በ1948 ያነሳው የኤንቢኤል ዋንጫ እንኳ ዛሬ ከ17ቱ ዋንጫዎቹ ጋር አይቆጠርም። ቡድኖቹን ወስደው ታሪካቸውን በር ላይ አስቀሩት።

አሁን ልብ በሉ። መዝገቡ የተከበረለት ቢኤኤ በሦስት የውድድር ዘመን አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም። መዝገቡ የተጣለበት ኤንቢኤል ጥቁር አሰልጣኝ ያለው ሙሉ የጥቁሮች ቡድን አጫውቷል። በሩን የዘጋው ሊግ የታሪክ መነሻ ሆነ፤ የከፈተው ተረሳ። ይህ የሒሳብ አያያዝ ጉዳይ ነው የሚለኝ ካለ አልቀበለውም። ፍርደ ገምድልነት ነው።

"የፊት ወዳጅህን በምን ቀበርከው? በሻሽ፤ የኋለኛው እንዳይሸሽ" ይላሉ አባቶቻችን። የስፕሪንግፊልዱ የቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ጌትስን በ1989 በሕይወት እያለ አክብሮታል። ሊጉ ግን ሰውዬው በ1999 እስኪሞት መዝገቡን አላረመለትም፤ ከዚያም በኋላ አላረመም።

ኤንቢኤ የኤንቢኤልን ውጤት ከ1937 ጀምሮ በመዝገቡ ያስገባ። የጌትስን 14 ድልና 26 ሽንፈትም ከነስሙ ያስፍር።