የተረታ ከሳሽ የተከሳሹን ጠበቃ ይክፈል?

አሜሪካ ውስጥ ተከሰው ቢያሸንፉም የጠበቃዎን ሒሳብ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። የተረታው ከሳሽ ኮቱን ለብሶ ይወጣል። ደንቡ የቆየ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገና በ1796 አንድ ረቺ ካሳው ላይ የደመረውን 1,600 ዶላር የጠበቃ ክፍያ «የአገሩ ልማድ አይደለም» በሚል አልተቀበለውም። እንግሊዝ አገር ግን ተረቺ የረቺን ወጪ ይከፍላል።

የአሜሪካው ይለወጥ ወይስ ይቆይ? ሁለት ሰዎች ተጻጽፈውበታል። አንደኛው ሜሪላንድ ውስጥ የሐበሻ ሱቆችንና ሬስቶራንቶችን ሒሳብ የሚሠሩ አባት ናቸው። ሁለተኛዋ እዚያው አካባቢ ፍርድ ቤት ውስጥ አማርኛ የምታስተረጉም ናት። እሳቸውን «ይክፈል»፣ እሷን «አይክፈል» ብለናል። ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይክፈል፦

የሱሪውን ክስ ላስታውሳችሁ። በ2005 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ ሰው ሱሪውን እንዲያስተካክሉለት ላውንደሪ ቤት ሰጠ። ባለቤቶቹ ከኮሪያ የመጡ ቤተሰብ ናቸው። ሱሪው ጠፋ። ቆይቶ ተገኘ ብለው ሲሰጡት የእኔ አይደለም አለ። ሰውየው ራሱ የአስተዳደር ጉዳይ ዳኛ ነበር። ሱቁ ውስጥ እርካታዎ የተረጋገጠ ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እኔ አልረካሁም ብሎ 67 ሚሊዮን ዶላር ጠየቃቸው። በኋላ ወደ 54 ሚሊዮን አወረደው። ለአንድ ሱሪ! ነገሩ እንዲያልቅ እስከ 12,000 ዶላር እንስጥህ ቢሉትም እምቢ አለ። በ2007 ዳኛዋ ምንም አይገባውም ብለው ወሰኑ።

አሸነፉ እንግዲህ። የጠበቃቸው ሒሳብ ግን ከ80,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ደግነቱ ጋዜጣው ሁሉ ጽፎላቸው ስለነበር ሕዝብ አዋጣላቸው። እንዲያም ሆኖ በዚያው ዓመት ሱቁን ዘጉት።

እኔ ሒሳባቸውን የምሠራላቸው ሰዎች ጋዜጣ አይጽፍላቸውም። አንዱ ትንሽ ሬስቶራንት አለው። አንዲት ሴት በሩ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅሁ ብላ ከሰሰችው። ካሜራው ሲታይ በዚያ ሰዓት የወደቀ ሰው የለም። ኢንሹራንሱ ግን ከመከራከር ከፍሎ መገላገል ይረክሳል ብሎ ከፈላት። በሚቀጥለው ዓመት የደምበኛዬ የኢንሹራንስ ክፍያ ጨመረ። ልክ ሆኖ ተቀጣ ማለት ነው።

ከሳሿስ ምን ታጣለች? ጠበቃዋ የሚሠራው ከሚገኘው ገንዘብ ሲሶውን ሊወስድ ነው። ካልተገኘ አትከፍለውም። አንዱ ገንዘብ አስይዞ፣ ሌላው ባዶ እጁን የሚቀመጥበት ቁማር ነው። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቾች በማር፣ በበቅሎ ይወራረዱ ነበር። የተረታ ይከፍላል። ስለዚህ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ያስብ ነበር።

አይክፈል፦

ጋሼ፣ በዚህ ጉዳይ በሱሪው የማይጀምር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እስቲ ልብ ይበሉ፤ ያንን ሰው የገፋው ሲሶ የሚጠብቅ ጠበቃ አልነበረም። ራሱ የሕግ ሰው ነው፣ የተከራከረውም ራሱ ነው። ደግሞ በአሜሪካም ቢሆን ከሳሽ በክፉ ልቦና ከከሰሰ ዳኛው የጠበቃ ወጪ ሊያስከፍለው ይችላል። የቤተሰቡ ጠበቃ ይህንኑ ጠይቆ ነበር። መዋጮው ሒሳቡን ሲሸፍንለት ነው ጥያቄውን የተወው። የሚያስፈልገው ሕግ እዚያው ነበረ ማለት ነው።

ስለ ውርርዱ ደግሞ፣ ማሩ በአብዛኛው የሚሄደው ለዳኛው ወይም ለገዢው እንጂ ለረቺው አልነበረም። በቅሎ የሌለው ገባር ከባለበቅሎው ጋር እንዴት እንደሚወራረድ እርስዎ ይንገሩኝ።

እኔ ሌላ ታሪክ ላምጣ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በኮሎራዶዋ አውሮራ፣ በ2012 አንድ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ 12 ሰው ገደለ። ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ጥይቱን በኢንተርኔት የሸጠለትን ኩባንያ ከሰሱ። የጠየቁት ገንዘብ አልነበረም፤ ኩባንያው አሻሻጡን እንዲለውጥ ነው። በ2015 የፌዴራሉ ዳኛ ክሱን ውድቅ አደረጉት። ቀጥሎም በኮሎራዶ ሕግ መሠረት የተከሳሾቹን የጠበቃ ወጪ ክፈሉ ተባሉ። ከ200,000 ዶላር በላይ! ወላጆቹ በኋላ ዕዳችንን መክፈል አንችልም ብለው ባንክራፕሲ ገቡ። ከጥቃቱ የተረፉ ሰዎችም ሲኒማ ቤቱን ከሰው በ2016 ተሸነፉ። የሲኒማ ቤቱ ኩባንያ ወደ 700,000 ዶላር የሚጠጋ ወጪ ጠየቀባቸው። ይህ የጠበቃ እንኳ አይደለም፤ የባለሙያ ምስክርና የመሳሰለው ነው። ይግባኝ አንልም ሲሉ ኩባንያው ጥያቄውን ተወው። ይግባኙን ያስቀረው ሒሳቡ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች ልምጣ። እኔ የማስተረጉምለት ሰው ብዙ ጊዜ ፓርኪንግ የሚሠራ ወይም ሳህን የሚያጥብ ነው። ኦቨርታይሙን ተከልክሏል። ከ1938 ጀምሮ ባለው የፌዴራል የደመወዝ ሕግ ሠራተኛው ካሸነፈ አሠሪው የሠራተኛውን ጠበቃም ይከፍላል። ሠራተኛው ከተሸነፈ ግን የአሠሪውን ጠበቃ አይከፍልም። ይህ ባይኖር ማን ይከሳል? የገባበትና የወጣበት ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ያለው አሠሪው ጋ ነው። ምስክሩ አሁንም እዚያው ይሠራል። እንጀራውን ፈርቶ አላስታውስም ይላል። መሸነፍ ማለት መዋሸት አይደለም፣ ጋሼ። እውነቱን በአማርኛ ነግሮኝ፣ በእንግሊዝኛ አስተላልፌለት፣ በማስረጃ እጦት የወደቀ ሰው አይቻለሁ።

ይክፈል፦

የአውሮራው ነገር ያማል፤ ክርክር አልገጥምበትም። ግን እህቴ፣ ሙሉውን ይክፈሉ ያለሽ ማን ነው? አላስካን ተመልከቺ። ከአሜሪካ ግዛቶች መሃል ተረቺ እንዲከፍል አጠቃላይ ደንብ ያላት እሷ ናት። ተከሳሹ ሙሉ ክርክር አድርጎ ካሸነፈ ከተገቢው የጠበቃ ወጪው 30 በመቶ ይመለስለታል። ከዚያ በፊት ካለቀ 20 በመቶ። ዳኛው እንደ ሁኔታው ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። አላስካ ውስጥ ሰው መክሰስ አልተወም።

አንቺ የወደድሽው የአንድ ወገን ደንብ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ካሊፎርኒያ ሄደሽ እዪ። ለአካል ጉዳተኛ አላመቸም ተብሎ የተከሰሰ ሱቅ ከተሸነፈ በግዛቲቱ ሕግ ቢያንስ 4,000 ዶላር ይከፍላል። የከሳሹ ጠበቃ ሒሳብም ይጨመራል። በሕጉ ዓላማ ጠብ የለኝም፤ ሰው በዊልቸር መግባት አለበት። ግን አንድ ዓይነት ክስ የሱቁን ስም እየቀየሩ በብዛት የሚያስገቡ አሉ። በ2022 የሳን ፍራንሲስኮና የሎስ አንጀለስ ዐቃቤ ሕጎች አንድ የጠበቆች ድርጅት እስከ መክሰስ ደርሰው ነበር። ባለሱቁ ቢከራከር ወጪው ከ4,000 ይበልጣል። ስለዚህ ሊያሸንፍ የሚችለውንም ክስ ከፍሎ ይገላገላል።

አገር ቤትስ? የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተረቺው ወጪና ኪሳራ እንዲከፍል መወሰን ይፈቅዳል። ሰማይ አልተደፋም።

አይክፈል፦

አገር ቤት ሕጉ ነገሩን ለዳኛው ነው የተወው፣ አንቀጽ 462። ውሳኔዎቹን እስከ መጨረሻው አንብበው ያውቃሉ? ስንቱ ነው «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻቻሉ» ብሎ የሚዘጋው! ዳኞቹ ሞኝ ሆነው አይመስለኝም። ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ወገን ትንሽ እውነት ያያሉ።

እርስዎ የሚሉት ሙከራ ተደርጓል፤ ፍሎሪዳ። በ1980 ሐኪሞች የከሰሰን ታካሚ ከተረታ ይክፈለን ብለው ሕግ አስወጡ። ከተረቱት ብዙዎቹ ግን የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ሐኪሙ ሲሸነፍ ደግሞ ኢንሹራንሱ ካሳውንም፣ የታካሚውን ጠበቃም ይከፍላል። ሒሳቡ በሚሊዮን የሚቆጠርበት ጊዜ መጣ። በ1985 ሕጉ ተሻረ። ይሻር ብለው ከወተወቱት መሃል እነዚያው ሐኪሞች ነበሩበት።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉልኝ፣ ጋሼ። ምንም የሌለው ሰው ይህን ደንብ አይፈራም። ምን ይወሰድበታል? ትልቁ ኩባንያም አይፈራም፤ ለእሱ የሥራ ወጪ ነው። የሚፈራው መሃል ያለው ነው። የታክሲውን ዕዳ የጨረሰ። በሞርጌጅ ታውንሃውስ የገዛ። ለልጁ ኮሌጅ ትንሽ የቋጠረ። ጠበቃው ቢሮ ተቀምጦ «ብንሸነፍ ስንት ይመጣብኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ጠበቃው ቁጥር መናገር አይችልም፤ የሌላው ወገን ጠበቃ በሰዓት ስንት እንደሚያስከፍል፣ ነገሩን ስንት ዓመት እንደሚጎትተው አያውቅማ። ሰውየው አመስግኖ ይወጣል። እውነቱ ከእሱ ጋር ይሁን አይሁን ማንም ሳይጠይቅ ነገሩ አለቀ።

ያ ሰው ደግሞ የእርስዎ ደምበኛ ነው። የሬስቶራንቱ ኩሽና ቢቃጠልና ኢንሹራንሱ አልከፍልም ቢለው፣ ከሳሽ የሚሆነው እሱ አይደለም?

ይክፈል፦

ጥሩ፣ በኩሽናው እንሂድ። ኢንሹራንሱን ከሰሰና አሸነፈ እንበል። ቃጠሎው 60,000 ዶላር ያወጣል፤ ያው 60,000 ተፈረደለት። ሲሶው ለጠበቃው ሲሄድ እጁ ላይ የሚቀረው 40,000 ነው። ኩሽናው ግን አሁንም የሚሠራው በ60,000 ነው። የእኔ ደንብ 20,000ውን ያስመልስለታል። የአሜሪካው ደንብ ተከሳሽን ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ከሳሽንም ይበላል። ይህን አልነካሽም።

መሃል ያለው ይፈራል ላልሽው፣ መሃል ያለው እኮ ተከሳሽም ነው። በፖስታ የመጣውን ክስ ይዞ እኔ ቢሮ ሲገባ ፊቱን አየዋለሁ።

ግን ላጥብበው። ክሱ ከመነሻው ሕጋዊ መሠረት የለውም ተብሎ በመጀመሪያው አቤቱታ የተጣለበት ከሳሽ ይክፈል። ቴክሳስ በ2011 እንዲህ አድርጋለች።

አይክፈል፦

የ60,000ውን እቀበላለሁ። ያሸነፈ ከሳሽ ጠበቃው ይከፈልለት፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። የተያዘው ርዕስ ግን የተሸነፈ ከሳሽ ነው።

ቴክሳስ መጀመሪያ ግዴታ አደረገችው። በ2019 ግን ለዳኛው ፈቃድ ተወችው። ግዴታው ያስቸገረ ይመስለኛል። ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የአውሮራዎቹ ወላጆች የወደቁት እርስዎ አሁን በጠቀሱት ደረጃ ላይ ነው። ማስረጃ አልተሰማም፣ ምስክር አልቀረበም። ዳኛው ዋሽታችኋል አላሏቸውም። በ2005 የወጣ የፌዴራል ሕግ የመሣሪያና የጥይት ሻጮችን ከእንዲህ ያለ ክስ ስለሚከላከል ነው የተጣለው። ኮሎራዶ በበኩሏ ያንን በመሣሪያ ክሶች ላይ ያላትን የማስከፈል ሕግ በ2023 ሽራዋለች። መሠረት የለውም የሚባል ክስ ሁሉ የአጭበርባሪ ክስ አይደለም። አንዳንዱ ሕጉ ገና ያልደረሰበት ነው።

እኔ የምፈርምበትን ልንገርዎት። የደንቡ እናት አገር እንግሊዝ በ2013 በአካል ጉዳት ክሶች ላይ ደንቡን አላላችው። የተጎዳ ሰው ከሶ ቢሸነፍ በመደበኛው የተከሳሹን ወጪ አይከፍልም። ነገሩ ከሥሩ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ግን ይከፍላል። ያቺ ካሜራ ያጋለጣት ሴትዮ ትክፈል። በዚህ ጠብ የለንም።

ይክፈል፦

አትከፍልማ! ኢንሹራንሱ ችሎት ሳይደርስ ከፍሎ ዘግቶታል። ቪዲዮውን ያየ ዳኛ የለም። ውሸት ነው ብሎ የወሰነ ሰው ከሌለ የእንግሊዙ ደንብ በምን ይነካታል? እንደ እኔ ያለው ደንብ ቢኖር ግን ኢንሹራንሱ ራሱ ይከራከር ነበር፤ ቢያሸንፍ ወጪው ይመለስለታላ።

አይክፈል፦

ከማን ነው የሚመለስለት? ሴትዮዋ ቤት የላት፣ መኪና የላት። የፍሎሪዳ ሐኪሞች የደረሱበት ግድግዳ እኮ ይህ ነው። እንደ እኔ ግን ጠብዎ ከኢንሹራንሱ ጋር ነው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለከሳሽ አይከፈልም የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ያስገቡ።

ይክፈል፦

ጠይቄ ነበር። ለሐኪሞች እንዲህ ያለ ውል አለ። ለእንጀራ ቤት የሚሸጥልኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ብታገኚ ስልኩን ላኪልኝ።