ቅንፍ የለበሰ አሉባልታ

አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ ገለጥ ገለጥ ሲያደርጉ ቆይተው አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። ጣታቸው ያረፈው በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ በተቀመጠች የምንጭ ቁጥር ላይ ነው። [7]።

«ይህችን ሰባትን አንብበሃታል?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ምን ትላለች?»

ዝም አልኩ። ሰባትን በአካል አላውቃትም። ሌላ ጽሑፍ ውስጥ ስሟ በክብር ሲነሳ አየሁና እኔም አነሳኋት። ጨዋ ናት ሲሉ ሰምቼ ማለት ነው።

«አሉባልታ ነዋ!» አሉኝ። «ቅንፍ አለበስከው እንጂ አሉባልታ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ሲባል አልሰማህም? ውሃውንስ እንደምንም ይዘሃል፤ ሥሩ ነው የጠፋህ።»

ውሃ ያሉት የጽሑፌ ርዕስ የውሃ ቱቦ ስለነበር ነው። ውሃ በቱቦ ውስጥ ሲሄድ ምን ያህል ግፊት እንደሚያጣ አሰላለሁ። የሄዘን እና የዊሊያምስን ቀመር ነው የተጠቀምኩት። ቀመሩ ውስጥ ሲ የምትባል ቁጥር አለች። የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ የምትናገር እሷ ናት። ሲ ባደገች ቁጥር ውሃው ይቀለዋል። እኔ ለፕላስቲክ ቱቦዬ 130 ብዬ ጽፌ፣ አጠገቡ [7]ን አቁሜ፣ በሰላም ተኝቼ ነበር።

ቅዳሜን ሰባትን ፍለጋ ዋልኩ። አገኘኋት። እውነትም 130 ትላለች። ግን እሷም የሰማችው ከሌላ ነው። ያኛው ደግሞ ከአንድ የጉባኤ ጽሑፍ ሰምቷል። የጉባኤው ጽሑፍ ወደ አንድ አሮጌ የመሐንዲሶች መመሪያ መጽሐፍ ላከኝ። አቧራውን እፍ ብዬ ሠንጠረዡን ከፈትኩ። 130 አለች፣ ቁጭ ብላለች። ከፊቷ የተጻፈው ግን «አዲስ የካስት አይረን ቱቦ» ይላል። ፕላስቲክ 150 አካባቢ ነው። በመንገድ ላይ ብረቱ ፕላስቲክ ሆኗል። እነዚያ ብረትን ወርቅ ለማድረግ ዕድሜያቸውን የጨረሱ የጥንት ሰዎች ይህን ቢያዩ በቅናት ያብዱ ነበር።

ሒሳቡን እንደ አዲስ ሠራሁት። ለካ የግፊት ብክነቱን 30 በመቶ ያህል አጋንኜዋለሁ። በወረቀት ላይ ይሁን እንጂ ማንም የማይፈልገውን ትልቅ ፓምፕ ልገዛ ነበር።

በኋላ የሚያጽናና ነገር አገኘሁ። ሲምኪን እና ሮይቻውድሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ከሚጠቅሱ ሰዎች ዋናውን የሚያነቡት 20 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ገመቱ። ዘዴያቸው የፈተና ተቆጣጣሪ ዘዴ ነው። ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ትክክለኛ መልስ ቢጽፉ ማንም አይጠረጥራቸውም። አንድ ዓይነት ስህተት ከጻፉ ግን አንዱ ከአንዱ እንደቀዳ ያስታውቃል። እነሱም የአንድ ዝነኛ የፊዚክስ ጽሑፍ ጥቅሶችን ሰብስበው የትየባ ስህተቶቹን ቆጠሩ። አንዷ ስህተት ብቻዋን 78 ጊዜ ተደግማለች። 78 ሰው ተመካክሮ እዚያችው ላይ አይሳሳትም መቼም።

ከዚህ የባሰም አለ። ኤልሰቪር የተባለው አሳታሚ ምንጭ እንዴት እንደሚጻፍ ለማሳየት ብሎ አንድ ምሳሌ ፈጠረ። ደራሲዎቹ፣ ጆርናሉ፣ ቅጹ፣ የገጽ ቁጥሩ ሁሉ ተሟልቷል። ርዕሱም «ሳይንሳዊ ጽሑፍ የመጻፍ ጥበብ» እንደ ማለት ነው። ጽሑፉ ግን የለም። ኖሮም አያውቅም። ይኸው ምሳሌ ወደ 400 ጊዜ ገደማ ተጠቅሶ ተገኘ! ምናልባት ብዙዎቹ ጽሑፋቸውን የሞሉበት የአሳታሚው ቅጽ ላይ የነበረውን ናሙና ማጥፋት ረስተው ይሆናል። እኔ ግን ቢያንስ አንዱ «ግሩም ጽሑፍ ነው» ብሎ ለጓደኛው ሳይመክር አይቀርም ባይ ነኝ።

አሁንማ ያልተወለደ ምንጭ መፍጠር ቀሏል። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ብትጠይቁት ከነገጽ ቁጥሩ አሳምሮ ይወልድላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች እንዲህ የተወለዱ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ዳኛ ፊት ጠቅሰው ከነቢሯቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። እኛ ቴክኒክ ጸሐፊዎች ዳኛ የለንም። ጽሑፋችንን ከመታተሙ በፊት የሚመረምር ገምጋሚ ነው ያለን።

ገምጋሚ ስል ትዝ አለኝ። አንዱ ስለ ሁለተኛው ጽሑፌ «ሥራው መልካም ነው፤ ሆኖም የሚከተሉት 5 ጥናቶች ቢጠቀሱ ይዳብራል» ብሎ ጻፈልኝ። ገምጋሚ ማንነቱ አይታወቅም ይባላል። አምስቱም ጥናቶች ላይ አንድ ስም አለ። ምን አደርጋለሁ? ጠቀስኳቸው፣ ጽሑፉም ዳበረ።

ታዲያ አምስቱን መግቢያው ላይ ስሰካቸው ሌላ ጣጣ መጣ። አይ ትሪፕል ኢ በተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር የምንጭ አጻጻፍ ሥርዓት ምንጭ ቁጥር የሚያገኘው በጽሑፉ ውስጥ ብቅ ባለበት ቅደም ተከተል ነው። ከፊት አምስት እንግዳ ሲገባ ከኋላ ያለው ሁሉ አምስት አምስት ወንበር ይሸሻል። ይህን የሚሠራ ሶፍትዌር ሞልቷል። እኔ ግን በእጄ ነው ያሸሸሁት። በመጨረሻ የፓምፑ ቀመር ምንጭ ስለ ሕዝብ ብዛት የሚያወራ ዘገባ ሆኖ ቁጭ አለ። ገምጋሚው አላየውም። የራሱን አምስት እየቆጠረ ይሆናል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቅንፍ የምናበዛበት ቦታ ነው። «ውሃ ለሰው ልጅ አስፈላጊ ነው» ብለን [1]–[14]። አሥራ አራት ምስክር! ማን ካደና? ወረድ ብሎ «የደህንነት ማባዣው 1.5 ተወስዷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ለጥንቃቄ ሲባል ስሌቱ የሚባዛበት ቁጥር ማለት ነው። ሕንጻ የሚያቆመው ወይም የሚጥለው እሱ ነው። ምስክር የለውም፣ ራቁቱን ቆሟል።

የሆነው ሆኖ የሲን ነገር ሳልጽፈው አላለፍኩም። «130 ለፕላስቲክ ቱቦ ነው የሚባለው ስህተት ነው፤ ቁጥሩ የካስት አይረን ነው» ብዬ በጽሑፌ ውስጥ በግልጽ አሰፈርኩ። ታተመ። ከጊዜ በኋላ «ጽሑፍዎ ተጠቅሷል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሮጬ ከፈትኩት።

«ለፕላስቲክ ቱቦ የሲ ዋጋ 130 ነው [11]።»

አሥራ አንድ እኔ ነኝ። ስሜም አንድ ፊደል ጎድሎታል። በዓመቱ ሌላ ኢሜይል መጣ። ሌላ አገር፣ ሌላ ጸሐፊ። 130 አለች። ያቺ ፊደል እዚያም የለችም።