«ሁለት ፍሬ ብቻ ስጪኝ»

የፋርማሲ ሰዎች ፊታቸው አይፈታም የሚል አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። እውነት አለው፣ አልክድም። እኔም ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ጠዋት ፈገግ ብዬ እጀምራለሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ግን ፊቴን ባላየው ይሻላል።

ትናንት አንድ ሰውዬ «ጉንፋን ይዞኛል፣ አሞክሳሲሊን ሁለት ፍሬ ብቻ ስጪኝ» አለኝ። ጉንፋን በቫይረስ ነው የሚመጣው፣ ይሄ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ ያለ ማዘዣም አይሸጥም አልኩት። «ማዶ ያሉት ይሸጡልኛል!» ብሎ በሩን ጓ አድርጎት ወጣ። ደግሞም ይሸጡለታል። እኔን የሚያበግነኝ ከሱ ስድብ ይልቅ ይሄ ነው።

የዋጋው ጭቅጭቅማ አያልቅም። ዋጋውን እኔ የምጨምረው ይመስላቸዋል።

ግን ሁሉም አንድ አይደለም። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አንዲት እናት አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ብሩን ቆጠሩና «ልጄ፣ ግማሹን ስጪኝ፤ አንድ ቀን እየዘለልኩ እውጠዋለሁ» አሉኝ። እንዲህ ያለውን በምን አፌ ልቆጣ? «አይዘለልም እማማ» ብዬ ሙሉውን በዱቤ ሰጠኋቸው።

አለቃዬ ይሄን እንዳያነብ ብቻ።