«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ በውድ ዋጋ ልንገዛው ነው

ባለፈው ሳምንት በደብረ ብርሃን በተካሄደ አንድ የሥራ ስብሰባ ላይ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ኮምፒውተሮች ደረጃ በደረጃ ተነሥተው በምትካቸው በከተማዋ ከሚቀመጥ አንድ ሰርቨር (ለሁሉም ከሚሠራ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ጋር የሚገናኙ ቲን ክላየንቶች፣ ማለትም ራሳቸው ብዙ የማይሠሩ ስክሪንና ኪቦርድ ማገናኛ ዕቃዎች፣ እንዲተከሉ፣ በየወረዳው ክፍት ሆነው የቆዩት የአይሲቲ (የኮምፒውተርና የኔትወርክ) ባለሙያ መደቦችም እንዳይሟሉ ተወስኗል። ከውሳኔው ይበልጥ ያስቆጣኝ ግን ዕቅዱን በስብሰባው ያቀረቡት ሰው የሰጡት ምክንያት ነው። ይህን የሚያሠራው ሶፍትዌር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጭኖ የሚያልቅ፣ ከዚያ በኋላም ራሱን የሚያስተዳድር ስለ ሆነ በየወረዳው ባለሙያ ማስቀመጥ ብክነት ነው ብለዋል። እኔም በአዳራሹ ነበርኩ፤ እጄን አውጥቼ የመናገር ዕድል ስላላገኘሁ የምለውን እዚህ እላለሁ።

ራሱን የሚያስተዳድር ሰርቨር የለም። ይህን ያሉት ሰው ሰርቨር ተክለው አያውቁም፣ ወይም ተክለው በሦስተኛው ወር ምን እንደ ሆነ ተመልሰው አላዩም። የሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎት፣ ማለትም ሠራተኛው በሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ያለ ዴስክቶፕ ከጠረጴዛው ሆኖ የሚከፍትበት ሶፍትዌር፣ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ መጫኑ እውነት ነው፤ አማራጮቹ ይመረጣሉ፣ ማሽኑ አንድ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ይመለሳል፣ ዴስክቶፑም ይከፈታል። ያ የተከፈተው ዴስክቶፕ ግን ማንንም የማያውቅ፣ አማርኛ የማይጽፍ፣ የማንም ፕሪንተር የማይታየው ባዶ ነገር ነው። የተማገረ ቤት ሁሉ የተከደነ አይደለም። ሠራተኛውን ወደ ትክክለኛው ሴሽን (በሰርቨሩ ላይ ወደ ተከፈተለት የራሱ የሥራ ቦታ) የሚመራው ክፍል፣ የፈቃድ ሰርቨሩ፣ ከውጭ የሚገቡትን የሚቀበለው በር፣ የእያንዳንዱ ሰው ፕሮፋይል (የግል ቅንብሩ) የሚቀመጥበት ዲስክ፣ ሁሉም አንድ በአንድ መዋቀርና ከእውነተኛ ሠራተኛ ጋር መሞከር አለባቸው። በአንድ ኮምፒውተር ለአንድ ሰው ታስቦ የተሠራ የደመወዝ ወይም የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም በሴሽን ሰርቨር ላይ ሲጫን ሰርቨሩ አስቀድሞ ወደ መጫኛ ሁኔታ መግባት ይኖርበታል፤ ይህ ካልተደረገ ቅንብሩ በጫነው ሰው ስም ብቻ ሊቀርና ለሌላው ሠራተኛ ፕሮግራሙ በትክክል ላይሠራለት ይችላል። ይህን የሚያውቀው የሠራበት ሰው ነው።

በስብሰባው ላይ ጨርሶ ያልተነሣው ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው የአማርኛ ጽሕፈት ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሥራ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውም የሚጻፈው በአማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል አንድ ቁልፍ ነው። እኛ በድምፅ በምንጽፍባቸው የኪቦርድ ፕሮግራሞች ግን አብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ተነባቢው ሲጫን ሳድሱ «ል» ይታያል፣ አናባቢው ሲከተል «ል» ተነሥቶ በቦታው «ለ» ይተካል። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው የየዕለቱ መክፈቻ 9 ፊደል ሲሆን ክፍት ቦታውን ሳንቆጥር 17 ጊዜ ቁልፍ መጫን ይጠይቃል። የለመደ ጸሐፊ እጁ የሚፈጥነው ሳድሱ ወደ ግዕዝ፣ ወደ ካዕብ፣ ወደ ሣልስ ሲለወጥ ዐይኑ በስክሪኑ ላይ እያየ ስለሚከተለው ነው።

አሁን ይህ ጽሕፈት በአርዲፒ፣ ማለትም ሪሞት ዴስክቶፕ ከሰርቨሩ ጋር በሚነጋገርበት ቋንቋ፣ በኩል ይሂድ እንበል። አርዲፒ በተለመደው አሠራሩ ወደ ሰርቨሩ የሚልከው የተጻፈውን ፊደል ሳይሆን የተጫነውን ቁልፍ መለያ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ የአማርኛው ፕሮግራም መጫን ያለበት በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ባለው ዕቃ ሳይሆን በሰርቨሩ ላይ ነው። እያንዳንዱ የቁልፍ ምት ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፣ የተለወጠው የስክሪን ምስል ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ርቀቱ በራሱ ችግር አይደለም፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብርሃን በፋይበር ውስጥ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። የሚያስቸግረው መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላይ መስመሩ ሲጨናነቅ፣ ሲቆራረጥ፣ ወይም ጽሕፈት ቤቱ በሞባይል ኔትወርክ ሲንጠለጠል የሚፈጠረው መዘግየት ነው። ይህ መዘግየት የእንግሊዝኛ ጸሐፊን አንድ ጊዜ የሚያስቆመው ከሆነ የአማርኛውን በአንዱ ፊደል ላይ ሁለት ጊዜ ያስቆመዋል፤ ሁለተኛው ቁልፍ እስኪደርስ ድረስ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጸሐፊው ያልፈለገው ፊደል ነውና።

ይህን ከወረቀት አንብቤ አይደለም የምናገረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለው አሠራር ሲሞከር ከጸሐፊዋ አጠገብ ተቀምጬ አይቻለሁ። ዕድሜያቸውን በጽሕፈት ያሳለፉ፣ ቁልፎቹን ሳያዩ የሚጽፉ እናት ናቸው። ረፋድ አራት ሰዓት ነበር፤ በግድግዳው ጥግ ባለው አግዳሚ ላይ ጋቢያቸውን የደረቡ ባለጉዳዮች ተደርድረዋል። እኒያ እናት የ«ል»ን ቁልፍ ተጫኑ፤ ስክሪኑ ዝም አለ። ያልተያዘ መስሏቸው ደገሙት፣ ሠለሱት፣ አናባቢውንም አስከተሉ፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ «ልልለ» የሚል በአንድ ጊዜ ተዘረገፈ። ለመሰረዝ ሲሞክሩ ስረዛውም ዘግይቶ ደረሰና ከትርፉ ፊደል አልፎ ደህናውን ቃል በላባቸው። «ልጄ፣ ይኼ ነገር የማውቀውን እጄን አስረሳኝ» አሉኝ። «እትዬ፣ ትንሽ ቀስ ብለው ይሞክሩት» አልኳቸው፤ መልሴ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፣ ጥፋቱ የእጃቸው እንዳልነበረ አውቅ ነበርና። በመጨረሻ ገና ወደ መጋዘን ያልተወሰደውን አሮጌ ኮምፒውተር ከጥግ አውጥተን ደብዳቤውን በእሱ ጻፉት፤ ከባለጉዳዮቹ ሁለቱ ግን በዚያ መካከል «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ተብለው ሄደው ነበር።

ለዚህ መድኃኒት የለውም አልልም፤ አለው። የስክሪኑን ጌጣጌጥና የቀለም ጥልቀት መቀነስ፣ ግንኙነቱ በዩዲፒ (የእያንዳንዱን ጥቅል መድረስ ሳይጠብቅ በሚልከው መንገድ) እንዲሄድ መፍቀድ፣ ሰርቨሩ ከተርሚናሉ (ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ዕቃ) የሚመጣውን የኪቦርድ አቀማመጥ ትቶ የራሱን እንዲይዝ ማድረግ፣ አማርኛው በእያንዳንዱ ሠራተኛ ፕሮፋይል ላይ መጀመሪያ እንዲነሣ ማዘዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መስመሩ ለማይታመንበት ወረዳ አነስተኛ ሰርቨር በራሱ ግቢ ውስጥ መትከል ይቻላል። በተጨማሪም ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ስለ ሆነ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ በቆዩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች በየመዝገብ ቤቱ አሉ፤ እነዚያ ፎንቶች በሰርቨሩ ላይ ካልተጫኑ የአንድ ወረዳ የዓመታት ፋይል የላቲን ፊደል ውጥንቅጥ ሆኖ ይከፈታል። የትኛው ጽሕፈት ቤት በየትኛው ፎንት ይጽፍ እንደ ነበር ሊያውቅ የሚችለው ደግሞ እዚያው ተመድቦ የሚሠራ ባለሙያ ነው። መደቡ አይሟላም የተባለውም ይኸው ሰው ነው።

ሰዓት ደግሞ አለ። ተራ ነገር ይመስላል። በዶሜይን ውስጥ ያለ፣ ማለትም በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር የሚተዳደር፣ ኮምፒውተር ሰዓቱ ከሰርቨሩ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተዛባ ኬርቤሮስ የተባለው የማንነት ማረጋገጫ አይቀበለውም፤ ይህ በዊንዶውስ ውስጥ ያለ መደበኛ ገደብ ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ያሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች የማዘርቦርድ ባትሪያቸው ያለቀ ስለ ሆነ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓታቸው ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሠራተኛው ትክክለኛውን የይለፍ ቃል እየጻፈ አትገባም ይባላል፤ የሰርቨሩም የደኅንነት ሰርተፍኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ለኮምፒውተሩ ገና ጊዜው ያልደረሰ መስሎ ይታየዋል። መፍትሔው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ መቀየር ነው። እሷን ባትሪ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ሞላሌ ላይ የሚቀይር ሰው ካለ ይምጣና ያሳየን።

ወደ ፈቃዱ ልምጣ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጭኖ ያልቃል የሚለው አባባል ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነውና። የሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎት የፈቃድ ሰርቨር ሳይዋቀርለት ለ120 ቀናት ይሠራል፤ ቀኑ ሲሞላ ሠራተኞችን መቀበል ያቆማል። 120 ቀን በእኛ አቆጣጠር ልክ አራት ወር ነው። በየካቲት አጋማሽ የተተከለ፣ ርክክቡ በመጋቢት ተፈርሞ ክፍያው የተፈጸመለት ሥርዓት በሰኔ አጋማሽ፣ በጀት በሚዘጋበት ሰሞን ቀጥ ይላል ማለት ነው። ይህንንም በዐይኔ አይቻለሁ፤ የተከለው ድርጅት ስልክ አያነሣም ነበር፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞችም ማሽኑ የተበላሸ መስሏቸው ሶስት ቀን ሙሉ ገመድ ሲነቅሉና ሲሰኩ ሰነበቱ። ከዋናው የዊንዶውስ ሰርቨር ፈቃድ ውጪ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሌላ ፈቃድ መግዛት ግዴታ ነው፤ ሁለት ሠራተኞች በፈረቃ በአንድ ተርሚናል በሚሠሩበት ቦታ በመሣሪያ፣ አንድ ሠራተኛ በሁለት ሦስት ቦታ በሚገባበት ደግሞ በሰው መግዛት ያዋጣል። ይህን ሳይለዩ መግዛት የመንግሥትን ገንዘብ መበተን ነው፤ ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚተመን ነገር ስንት እጥፍ እንደ ወጣ ሁሉም ያውቃል። በመስኩ ዋጋና ውል እንዴት እንደሚገለባበጥ ለማየትም ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ የሰርቨር ሶፍትዌር ሠሪውን ቪኤምዌርን በ2023 እ.ኤ.አ. ከገዛ በኋላ ቋሚ ፈቃድ መሸጥ ማቆሙን ማስታወስ ይበቃል። የራሱ ባለሙያ የሌለው መሥሪያ ቤት ሻጩ ያመጣለትን ሁሉ ይፈርማል።

ቴክኖሎጂውን የምጠላ የሚመስለው አንባቢ እንዳይኖር አንድ ነገር ልቀበል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በየወረዳው ካሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የቲፒኤም 2.0 የደኅንነት ቺፕ የላቸውም። እነዚህን ማሽኖች ከመጣል ተርሚናል አድርጎ መጠቀም ትክክል ነው፤ ፋይልን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ቅጂ መያዝም ትክክል ነው። የምቃወመው ባለሙያውን አስቀርቶ ሰርቨሩን ማስገባትን ነው፤ ሰርቨሩ ሲገባ የባለሙያው ሥራ ይበዛል እንጂ አያንስም። ቀድሞ አንድ ኮምፒውተር ሲበላሽ አንድ ሰው ሥራ ይፈታ ነበር፤ አሁን አንድ ዲስክ ሲሞላ ከሸዋ ሮቢት እስከ እነዋሪ ያለው ሁሉ አብሮ ይቆማል። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዘመን የየወረዳውን ባለይዞታ ስምና ሰነድ በአንድ ማሽን ላይ ሰብስቦ፣ አርዲፒ የሚገባበትን 3389 ቁጥር የኔትወርክ በር ለኢንተርኔት ክፍት ትቶ፣ ራሱን ያስተዳድራል ብሎ መተኛት ደግሞ ከቸልተኝነት የከፋ ነው።

ሕትመት ሌላው መከራ ነው። ደብዳቤው ካልታተመ ማኅተም አያርፍበትም፣ ማኅተም ካላረፈበት ባለጉዳዩ አይሄድም። በሴሽን ውስጥ የሚታተም ገጽ ሰርቨሩ ላይ ተዘጋጅቶ በዚያው ቀጭን መስመር ወደ ወረዳው ፕሪንተር ይመለሳል፤ ዓርማና ሠንጠረዥ ያለበት ገጽ ከሆነም ፋይሉ ከደብዳቤው ብዙ እጥፍ ወፍሮ ይመጣል፣ በዚያ ሰዓት የሚጽፉት ሁሉ አብረው ይዘገያሉ። ይህንንም ማስተካከል ይቻላል፤ የሚያስተካክል ሰው ሲኖር።

ስለዚህ ውሉ ከመፈረሙ በፊት አንድ ሙከራ እንዲደረግ እጠይቃለሁ። የግዥ ኮሚቴው አባላት በሥራ ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ መሐል ሜዳ ወደሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ቲን ክላየንቱ ከደብረ ብርሃኑ ሰርቨር ጋር ይገናኝ፤ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ በኮሚቴው ፊት «ለሚመለከተው ሁሉ» ብላ ጀምራ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፋ ታትም። በዚያ ሰዓት አጠገቧ ምንም ባለሙያ አይቁም፤ ውሳኔው የሚለው እንደዚያ ነውና። ከመጀመሪያዋ ቁልፍ አንሥቶ ገጹ ከፕሪንተሩ እስኪወጣ የፈጀው ደቂቃ በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ፣ የኮሚቴው አባላትም ከሥሩ ይፈርሙበት።