ዋስትናው ዓባይን አይሻገርም

ወንድሜ ባጠራቀመው ገንዘብና በባንክ ብድር አዲስ ፒክአፕ ገዛ። የሚሠራው ደብረ ማርቆስ ነው፤ በቆሎና በርበሬ ይጭናል። ውሉ ላይ «3 ዓመት ወይም 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና» ተብሎ ተጽፏል። መኪናዋ 31 ሺህ ላይ ስትደርስ፣ ከቡሬ ጭኖ ሲመለስ፣ ፍኖተ ሰላም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የዘይት መብራቱ በራ። ወዲያው ዳር ይዞ አጠፋት። ግን ሞተሩ ሲያንኳኳ ሰምቶታል። ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም።

የሻጩ ድርጅት መልስ ሦስት መስመር ነው። «ከተፈቀደለት ማዕከል ውጭ ዘይት ስለተቀየረ ዋስትናው ቀሪ ሆኗል» ይላል። ክብ ማኅተም አርፎበታል። ሞተሩን ግን ማንም አልከፈተውም። ከሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ኮፓው፣ አልወረደም። የሞተሩ ዋና ዘንግ ኮሎውና ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታው አልታዩም። ታዲያ ሞተሩን የገደለው የዘይቱ ቅያሬ መሆኑን በምን አወቁ?

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ዘይቱ ደብረ ማርቆስ መቀየሩ እውነት ነው። በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ መመሪያው ላይ የተጻፈው ዓይነት፣ ከነፊልትሮው ተቀይሯል። ደረሰኞቹን በፌስታል ጠቅልሎ መኪናዋ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ዘይት ዘይት ይሸታሉ፣ ስድስቱም አሉ። የድርጅቱ ሰርቪስ ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው። ዘይት ለመቀየር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ እንደገና መመለስ አለበት ማለት ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ወዲህ በግጭቱ ምክንያት መንገዱ ስንቴ ተዘጋ? ለጎጃም ሰው መኪና ሲሸጡ ይህን ያውቃሉ። ብሩን ሲቀበሉ ግን «ዓባይን ካልተሻገርክ ዋስትና የለህም» ያለው አልነበረም።

ሞተር በብዙ ምክንያት ይበላሻል። ዘይት ካነሰ ወይም ከቆየ ይበላዋል፤ ያ የባለቤቱ ጥፋት ነው። የዘይት ፓምፑ ከፋብሪካ ደካማ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ዕዳው የሻጩ ነው። ሁለቱን የሚለየው ከፍቶ ማየት ብቻ ነው።

ሕግም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ በሸጠው ዕቃ ላይ ለሚገኝ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢም ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ይደውላል፤ ዘመድ ፈልጎ ያስለምናል፤ «ነገ ደውል» ይባላል፤ ወሩ ያልፋል። እባካችሁ በጽሑፍ ስጡ። የእናንተ ቅጂ ላይ ተቀባዩን አስፈርሙ። እናንተ በሌላችሁበት ሞተሩን አታስከፍቱ። አሮጌውን ፊልትሮ አትጣሉ፤ ከዘይቱም ጥቂት በንጹሕ ጠርሙስ አስቀሩ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ዳኛው ባለሙያ እንዲመረምረው ማዘዝ ይችላል። አንድ ጊዜ ተፈቶ ዕቃው የተበታተነ ሞተር ግን ለማንም አይመሰክርም።

ወንድሜ ባለፈው ሰኞ ደብዳቤውን አስገብቷል። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ሞተሩ ሁለታችንም ባለንበት በገለልተኛ መካኒክ ይከፈት፤ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ወጪውን እኔ እችላለሁ። መልስ እየጠበቀ ነው። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። የባንኩ ክፍያ በየወሩ ይቆረጣል።