የፕሪያም ወርቅ የፕሪያም አይደለም

ወንድሜ ፖስትህ አሪፍ ነው፣ ግን "ሽሊማን የንጉስ ፕሪያምን ወርቅ ቆፍሮ ስላወጣ የትሮይ ጦርነት ልክ እንደተተረከው ነው የተደረገው" ያልከው እርማት ያስፈልገዋል (ፕሪያም በተረኩ የትሮይ ንጉስ ነው)። ሽሊማን የሚባለው ጀርመናዊ ቆፋሪ እ.ኤ.አ. በ1873 ቱርክ ውስጥ ሂሳርሊክ የሚባል ኮረብታ ላይ ወርቅ ማግኘቱ እውነት ነው፣ ጌጡን ለሚስቱ ለሶፊያ አድርጎላት ፎቶ ሁላ አስነስቷታል፣ ችግሩ እቃው ጦርነቱ ተደረገ ከሚባልበት ጊዜ በ1000 አመት ገደማ ይቀድማል። ቦታው ላይ ያለው እኮ አንድ ከተማ አይደለም፣ አንዱ ሲፈርስ ሌላው በላዩ እየተሰራ 9 ዋና ንብርብር ሆኗል፣ እሱ ደግሞ የሆሜር (ጦርነቱን የተረከው የጥንት ግሪክ ገጣሚ) ትሮይ ከታች ነው ብሎ ስለቸኮለ ትልቅ ቦይ ሲያስቆፍር የሚፈልገውን ዘመን ራሱ ጠራርጎ ጣለው (ይሄ ሁሌ ነው የሚያናድደኝ)።

"በቃ ሁሉም ተረት ነው" የሚሉትም ግን አልተሻሉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1180 አካባቢ ከተማዋ ተቃጥላለች፣ ንብርብሩ ውስጥ የቀስት ጫፍ ተገኝቷል። የሂታውያን (በዛሬዋ ቱርክ የነበረ የጥንት መንግስት) የሸክላ ጽሁፍ ላይም ዊሉሳ የምትባል ከተማ አለች፣ ብዙ ተመራማሪዎች ትሮይ ናት ይላሉ፣ ንጉሷ አላክሳንዱ ከሂታዊው ንጉስ ሙዋታሊ ጋር ውል ተዋውሏል። በሌላ ደብዳቤ ሂታውያንና አሂያዋ (ግሪኮቹ ሳይሆኑ አይቀሩም) በዊሉሳ ጉዳይ መጋጨታቸው ተነስቷል። ስለዚህ ጸብ ነበር፣ እሳትም ነበር፣ ተረኩ ውስጥ ያሉት የግሪኮች የ10 አመት ከበባ፣ ጦርነቱ የተነሳባት ሄለንና ግሪኮቹ ተደብቀው የገቡበት የእንጨት ፈረስ ግን በቁፋሮ የተገኘ ምንም ማስረጃ የላቸውም።